ማሽላው ሳይታጨድ የነፋሁት መለከት

እርጥብ ቅል ይሸታል። ዱባ ሊሆን አስቦ በመጨረሻዋ ሰዓት ሐሳቡን የቀየረ ፍሬ ዓይነት ሽታ ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ሰም፣ ትንሽ የጣራ ጭስ፣ ትንሽም የአይጥ ኩራት አለበት። ባለፈው ጥቅምት አሶሳ አጠገብ ወዳደግሁበት አገር ሄጄ የአብሮ አደጌን የሐዋን ጓዳ በር ገፋ ሳደርገው፣ ይኼ ሽታ አፍንጫዬን ያዘና እንደ ጥፋተኛ ተማሪ እየጎተተ አራተኛ ክፍል መለሰኝ። በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

"ግቢ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?" ትለኛለች ሐዋ ከኋላዬ።

እኔ ግን ገብቻለሁ፤ የገባሁት ሌላ ቤት ነው እንጂ።

ያን ዓመት አሥር ዓመቴ ነበር። ቁመቴ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ቀሪውን አራት ዓመት ምላሷ ወሰደው ትል ነበር እናቴ። እኛ ሠፋሪዎች ነን። ወላጆቼ ከወሎ በመኪና ተጭነው መጥተው የሠፈሩበት መንደር ስም እንኳ አልተረፈለትም፣ ቁጥር ነው ያለው። ሰው "ከየት ነሽ?" ሲለኝ የሂሳብ ጥያቄ የምመልስ ይመስለኛል። ሂሳብ የጠላሁት ከዚያ ይሆናል። ትምህርት ቤታችን በእኛና በነባሮቹ በበርታዎቹ መንደር መሐል፣ ማንጎዎቹ ሥር ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጆች ነበርን። ሰማንያ ያልኩት ጥጋጥጉን ሳልቆጥር ነው።

መስከረም ላይ ቲቸር አስናቀ ከጎጃም ተመድበው መጡ። የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው ተባለ። ክራር ይዘው ይመጣሉ፣ ከበሮ ይዘው ይመጣሉ ብለን በር በሩን ስናይ፣ ከኪሳቸው ያወጡት አንድ ሹካ ነው። ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው የብረት ሹካ። ጉልበታቸውን መታ ያደርጉበትና ጆሯቸው ሥር ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ምስኪን!" አልኳት ለሐዋ። "ሹካውን ገዝተው ለምግቡ አጠራቸው።"

"ስሙ ልጆች!" አሉ ቲቸር። "ይህ ድምፅ መለኪያ ነው፤ የሚሰጠውም 'ላ'ን ነው። 'ላ' በሉ!"

ሰማንያ ልጅ ሰማንያ ዓይነት "ላ" አለ። ማንጎው ሥር የታሰረው አህያ ሰማንያ አንደኛውን ጨመረ። ቲቸር አስናቀ ጥቂት አዳመጡና ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀስረው፣ "እሱ ለ'ላ' ይቀርባል" አሉ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር እንደ ጎመን መደብ አሰመሩና ጥቁር ጥቁር ዘር ዘሩበት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ይላሉ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የተዘራ ነገር አውቃለሁ። በየጠዋቱ ሰሌዳውን እያየሁ መቼ ይሆን የሚበቅለው እላለሁ። አልበቀለም። በሦስተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው፣ እኛ እየሰማን፣ "መምህር አስናቀ፣ ታኅሣሥ ላይ ወላጆች ይሰበሰባሉ። ያኔ አንድ የሚሰማ ነገር ካልተሰማ የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ እንሰጠዋለን" አሏቸው። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ። አንድ ተጨማሪ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ማለት ለእኔ የዕድሜ ልክ እስራት ነው።

መላውን ያመጣችው ሐዋ ናት። ትምህርት ሲለቀቅ ወደ ቲቸር ጠጋ ብላ፣ "ቲቸር፣ አያቴ ቤት ብዙ ድምፅ አለ። ተሰቅሏል" አለቻቸው።

የሐዋ አያት ሼህ ኢድሪስ የበርታዎቹ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ገብተን ቀና ስንል፣ ጣራው ሥር ዘጠኝ መለከቶች በመጠናቸው ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል። ቅል በቅል ላይ እየተሰካ፣ በቀርከሃ ስንጥር እየታሰረ የተሠሩ ናቸው። ትንሹ ክንድ ያክላል። ትልቁን እንኳ ተዉት፤ እኔና ሐዋ ተደራርበን ብንቆም ይበልጠናል። ዋዛ ይባላሉ።

ቲቸር አስናቀ ባዶ እጃቸውን በመምጣታቸው አፍረው ሹካቸውን አሳዩ። ሼህ ኢድሪስ ተቀብለው ጉልበታቸውን መቱበትና ጆሯቸው ሥር ያዙት። ድምፁ እስኪሞት ድረስ ጠበቁ። ደገሙ። ሦስተኛም መቱ።

"ሌላ የለውም?"

"የለውም ሼህ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ግን አይሳሳትም።"

"ማሻአላህ!" አሉ ሽማግሌው። "ጎበዝ ልጅ ነው። ይሄ እንደ እኛ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ።" ወደ ጣራው አመለከቱ። "ይሄ አንድ ያውቃል። ያም አንድ ያውቃል። ዘፈን ይዞራል፤ ተራህ ሲደርስ ትሰጣለህ።"

"ታዲያ ዘፈኑን ሙሉውን የሚያውቀው ማነው?"

"ማንም። ሁሉም ቁራጭ አለው። ሙሉው ጆሮ ውስጥ ነው።"

ቲቸር አስናቀ ራሳቸውን ያዙ። "ለካስ" አሉ፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ "ለአንድ ልጅ ሰባቱንም ድምፅ ልጭን ነው እስካሁን የታገልኩት! አህያ እንኳ እንዲህ አይጫንም።" ከዚያ ዓይናቸው መለከቶቹ ላይ ተተከለ። "ሼህ፣ ነገ ብንወስዳቸው?"

"አይሆንም። ማሽላ ሜዳ ላይ ቆሞ ዋዛ አይነፋም። ማሽላ ቤት ይገባል፣ ዋዛ ከቤት ይወጣል። ኸላስ።"

"ታዲያ እስከዚያ በምን እንለማመድ?"

ሼህ ኢድሪስ ተገርመው አዩዋቸው። "አፍ የላችሁም?"

በማግስቱ ቲቸር አስናቀ የጎመን መደቡን በዳስተር ጠራርገው አጠፉት። ክፍሉን ዘጠኝ ረድፍ አደረጉት። ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ድምፅ ብቻ። የረድፉ አለቃ ማሽላው ሲገባ መለከቱን ይነፋል፤ ድምፁም በስሙ ይጠራል። ዶ ቀረ፣ ሬ ቀረ። ሼህ ኢድሪስ መጥተው መለከቶቹን በዓይነ ኅሊናቸው እያዩ እኛን እየለኩ አከፋፈሉን። አማርኛቸው ውስጥ ሴትና ወንድ የሚባል ልዩነት የለም፣ ሁላችንም "አንተ" ነን። እኔ ላይ ሲደርሱ፣ "አንተ ትልቁን ትይዛለህ" አሉኝ።

"ሼህ፣ መለከቱ እኮ ረጅም ነው፤ ልጅቷ ደግሞ እንደምታዩዋት..." አሉ ቲቸር።

"ምላሱ ረጅም ነው። ይበቃዋል።"

በዚህ ዓይነት የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ ሆንኩ። ችግሩ ጉሮሮዬ እንደ ጫጩት ቀጭን ነው። ያን ከመሬት በታች የሚመጣ ድምፅ ከየት ላምጣው? ቲቸር ሹካውን መትተው ጥርሴ ላይ ቢያስነኩኝ ራስ ቅሌ ሙሉ በሙሉ ንብ ገባበት። ከዚያ፣ "አትውረጂ፣ ፎቅ ላይ ሆነሽ በይው። ያው ድምፅ ነው" አሉኝ። ፎቅ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ሼህ ኢድሪስ፣ "ልጅና አባት ናቸው። ቤታቸው አንድ ነው" ሲሉኝ ግን ገባኝ። ቀጭኑን "ዉ" ስል ወፍራሙ ከሥር ቁጭ ብሎ ሲሰማኝ ይታወቀኝ ጀመር።

የእኔ ድምፅ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፤ መጨረሻ ላይ፣ ዘፈኑ ቤቱ ሲገባ። በር መዝጋት ነው ሥራዬ። ሰሌዳው ላይ ዜማው በስማችን ተጻፈ፦ ሐዋ፣ ሐሰን፣ ሐዋ፣ ዘውዴ፣ ሐሰን... እያለ ሄዶ ሄዶ ትርንጎ። ትርንጎ እኔ ነኝ። እናቴ አንድ ቀን በመስኮት አይታ ማታ፣ "ያ መምህር ቀሪ ተማሪ ሲጽፍ ነው እንዴ የሚውለው? ያችን ሐዋን ደግሞ ስንቴ ይጽፋታል?" አለችኝ። ዋዛ ነው የምንማረው ብላት፣ "እሱንማ ከእናትሽ ማሕፀን ተምረሽ ነው የወጣሽው" አለች።

ያ መስከረምና ጥቅምት አሁን ሳስታውሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚታይ ነገር ይመስለኛል። ዝናቡ አልቆረጠም። መንገዱ ቀይ ነው፤ ሣሩ ከራሳችን በላይ ነው። ከየአቅጣጫው ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ አንተያይም፤ እንሰማማለን እንጂ። ሐዋ ከሣሩ ውስጥ የራሷን ትጥላለች። ሐሰን ከወንዙ በኩል ይቀጥላል። ዘውዴ ከላይ። እኔ ተራዬን እጠብቅና እዘጋዋለሁ። ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ዘፈኑ ብቻውን ሲሄድ ይሰማል። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ውስጥ የራሴን ድምፅ አገኘሁት። የዳቦ ቤቱ በር ሲዘጋ ሐዋን ይጠራል። እናቴ ስታነጥስ ዘውዴ ናት። ዓለም በሙሉ ስማችንን የሚጠራ መሰለኝ።

አንድ ቀን ሐሰንን ወባ ያዘው። ዘፈኑን ስንል አነከሰ። ሐሰን የሚገባበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ሆነ፤ ረድፉ በሙሉ ቢጮህም አለቃው የለም ብለን ጆሯችን እሺ አላለም። ቲቸር አስናቀ አቆሙን። "ምን ሰማችሁ?" አሉ። "ሐሰንን!" አልን። ፈገግ አሉ። "ሐሰን እኮ የለም።" "የለም ቲቸር፤ እሱን ነው የሰማነው!" ያን ዕለት ማናችንም ጠንቅቆ ያልገባን ትምህርት ተማርን፤ ከትምህርት በኋላ ተሰልፈን የታመመው ቤት ደጃፍ ሄደን ዘፈኑን አልንለት። ከብርድ ልብሱ ሥር እየተንቀጠቀጠ በተራው "ዉ" አለ። ኪኒን ያን ያህል አላዳነውም እላለሁ፤ ሐኪም ካለ ይቅር ይበለኝ።

ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ቅል ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሼህ ኢድሪስ በየሳምንቱ ሰኞ መለከቶቹን አውርደን በውኃ እንድናረጥባቸው እኔንና ሐዋን ያዝዙን ነበር። አንድ ሰኞ ሐዋ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እኔና ትልቁ መለከት ብቻችንን ቀረን። እርጥቡ ቅል ይሸታል። አፉ በትይዩዬ ነው። ለአንድ ወር ተኩል ሙሉ በቀጭን ጉሮሮዬ ስለምነው የከረምኩት አባትየው እዚህ ተጋድሟል። ትንፋሼን ብቻ ልለካበት አልኩ። ትንፋሽ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

"ዉዉዉ!"

መሬቱ ወደ ላይ ተነሣ። ዶሮዎቹ ከግቢው ወጥተው ምናልባት ሱዳን ደርሰዋል። ሐዋ ባልዲዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን አደረግሽ? ማሽላው እኮ ገና ቆሟል!"

"ማንም አልሰማም" አልኳት። ድምፄ ግን እንደገና ጫጩት ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግሪሳ መጣ።

ግሪሳ ወፍ ያላየ ሰው ጭስ አይቶ ይሆናል። እንደዚያ ነው፤ የሚበላ ጭስ። ሰማዩ ላይ ይጠቀለላል፣ ይዘረጋል፣ ማሽላው ላይ ይወድቃል፣ ሲነሣ ራሱን ያልያዘ አገዳ ትቶ ይሄዳል። የበርታውም የሠፋሪውም እርሻ ሰው በሰው ሆነ። ቆርቆሮ የሚመታ፣ ወንጭፍ የሚያጮህ፣ የሚጸልይ። እናቴ ነጠላዋን እያራገበች፣ "ምን በድለን ይሆን?" ስትል ሰማኋት። እኔ አውቃለሁ ምን እንደበደልን። በዳዩ አሥር ዓመቱ ነው፤ አጭር ነው፤ አልጋ ሥር ተደብቋል።

ክፍል ውስጥ ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬ ዘጋ። ድምፄ ጠፋ። ረድፌ ያለ እኔ ይጮሃል፣ እኔ አፌን ብቻ እከፍታለሁ። ቲቸር አስናቀ ሹካውን ይዘው መጥተው ዓይኔን አዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ሐዋን እንዳትናገር አስምያት ነበር፤ አልተናገረችም። እኔ ግን በዚያው ከሰዓት ሼህ ኢድሪስ እርሻ ሄድኩ። ሽማግሌው ማሽላው መሐል ያለው ማማ ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ።

"ሼህ፣ ወፍ ልጠብቅልዎ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው አዩኝ። "ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"ውጣ" አሉ፣ ማማውን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ማማ ላይ ዋልኩ። ስጮህ፣ የሚገርመው፣ ሌላ ቦታ የተዘጋው ጉሮሮዬ እዚያ ይከፈታል። ወፉ ሲያንዣብብ "ዉ!" እለዋለሁ። ይነሣል። ግን ዝም ብዬ አልጮህም። በልቤ ሐዋን እሰማለሁ፣ ሐሰንን፣ ዘውዴን፣ ሁሉንም በየተራቸው፤ ከዚያ ነው ተራዬ የሚደርሰው። ማሽላው ከሥሬ እንደ ባሕር ይወዛወዛል። ፀሐይዋ ወደ ማንጎዎቹ ስትወርድ የማሽላው ራስ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ያ ሁሉ ሜዳ ዝም ብሎ እያለ ጆሮዬ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ይዘፍናል። አንዳንዴ የትኛው ውስጥ እንደሆንኩ ይጠፋኛል፤ ዘፈኑ ውስጥ ነኝ ወይስ ማሽላው ውስጥ? ሼህ ኢድሪስ እሸት ጠብሰው ያቀብሉኛል። ስለ ወፉ አንድ ቃል አይናገሩም።

ማሽላው ተረፈ። ሁሉም አይደለም፤ የተረፈው ተረፈ። ታጨደ፣ ቤት ገባ። መለከቶቹም ከጣራ ወረዱ፤ ወላጆችም ተሰበሰቡ።

ማንጎው ሥር ክብ ሠርተን ቆምን። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሂሳብ አስተማሪው አጠገባቸው አለ፤ ፊቱ የርስት ወራሽ ፊት ነው። ሼህ ኢድሪስ ትከሻቸው ላይ የከብት ቀንድ ይዘው በዱላ መቱ፣ ሐዋ ነፋች። ሐሰን ነፋ። ዘፈኑ መዞር ጀመረ። ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ፤ የመለከቴን ጫፍ ሁለት ልጆች ደግፈውልኛል፤ አፌን አስጠጋሁ...

ምንም። የነፋሁት ትንፋሽ ቅሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ዘፈኑ በሩ ሳይዘጋ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛ ዙር፣ ጉድጓድ። ሦስተኛ ዙር፣ ጉድጓድ። ሕዝቡ መስማት ጀመረ። የእኛ መንደር ሴቶች፣ ዋዛ ሰምተው የማያውቁት፣ የሆነ ነገር እንደጎደለ ገብቷቸው ጉድጓዱ ሲደርስ አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ። እናቴም ከእነሱ ጋር። የሂሳብ አስተማሪው ሰዓቱን አየ። ሼህ ኢድሪስ ግን አላቆሙም፤ ቀንዱን እየመቱ ዞረው መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። አራተኛው ዙር መጣ። ሐዋ፣ ሐሰን፣ ሐዋ፣ ዘውዴ... ጉድጓዱ ተከፈተ። እኔም አፌን ከመለከቱ አንሥቼ፣ ልክ በተራዬ፣

"ወፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ማንጎው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ደረቀ። መለከቶቹ ግን አልቆሙም፤ አምስተኛው ዙር ተጀምሯል።

"አውቃለሁ" አሉ ሼህ ኢድሪስ ዱላቸውን ሳያቋርጡ። "ንፋ!"

አውቃለሁ ካሉ በኋላ ምን እፈራለሁ? ተራዬ ደረሰና ነፋሁ። መሬቱ እንደዚያ ቀን ወደ ላይ ተነሣ፤ በሩ ተዘጋ፤ ዘፈኑ ቤቱ ገባ። የእኛ ሴቶች እልል አሉ፤ የበርታዎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ከወንበራቸው ሲነሡ ወንበሩ አብሮ ተነሣ። ቲቸር አስናቀ ኪሳቸው ውስጥ ሹካቸውን ጨብጠው ያለቅሳሉ። ያን ቀን አልቆምንም፤ አመሻሹ ላይ ከእኛ ቀድማ የወደቀችው ፀሐይዋ ነበረች። ሂሳብም በነበረበት ቀረ።

ሰው ሲበታተን ሽማግሌውን እጃቸውን ይዤ፣ "ሼህ፣ መንፋቴን በምን አወቁ?" አልኳቸው።

"እርሻ ነበርኩ። ሰማሁ። ዘጠኙን ለይቼ አውቃለሁ። ትልቁ ያንተ ነው።"

"ታዲያ ወፉን ስላመጣሁ አልተቆጡም?"

"አንተ አላመጣህም። ወፍ እሁድ መጣ፣ ወንዝ ማዶ አደረ። እሱንም ሰማሁ። አንተ ሰኞ ነፋህ።"

ሦስት ሳምንት ማማ ላይ የተንገበገብኩበት በሙሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!"

"ብነግርህ ማን ወፍ ይጠብቃል?" አሉ። ጥርሳቸው በሙሉ ታየ፤ የቀሩት ሦስቱ። ከዚያ ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ "ደግሞ ስማ። ሦስት ሳምንት ጮህክ። አንድ ቀን ከድምፅህ አልወጣህም። እንደ ሹካው" አሉኝ።

"ትርንጎ፣ ጆሮሽም ሄደ እንዴ?" አለችኝ ሐዋ። ጓዳዋ በር ላይ ነኝ። ጣራው ሥር ዘጠኙ መለከቶች አሉ፤ ጠዋት ተረጥበዋል። አያቷ ካለፉ በኋላ እሷ ናት የምትጠብቃቸው። እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ሰሌዳው ላይ የምትጽፈውም ያው የልጆች ስም ነው።

ትልቁን አውርዳ ፊቴ አጋደመችው። አሁንም ይበልጠኛል። አፌን አስጠጋሁ። ሐዋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ወረወረች፤ ማሽላው ቆሟል። ስለዚህ አልነፋሁም። ሐዋም ትንሹን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አልነፋችም። ሁለታችንም በልባችን ዘፈኑን አስኬድነው። ሐዋ፣ ሐሰን፣ ሐዋ፣ ዘውዴ። መጨረሻው ላይ እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። በዚያችው ቅጽበት እሷም ነቀነቀች።

ያኔ ከማሽላው መሐል፣ ከማማው ላይ፣ የልጅ ድምፅ መጣ። "ዉ!" ቀጭን ነው፤ ግን አልተሳሳተም። ከሥሩ ወፍራሙ ቁጭ ብሏል።

"ማናት?"

"ተማሪዬ ናት። ሳልጠራት መጥታ ወፍ ልጠብቅልሽ አለችኝ።"

ሐዋን አየኋት። "ነፍታለች?"

"ሰኞ ዕለት።"

"ወፉስ መቼ መጣ?"

ሐዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና መስኮቱን ቀስ ብላ ዘጋችው።